ከጠፉት መካከል የቀረው ጭላዳ

የዛሬ ልጆች ዳይኖሰርን ከጎረቤት ልጅ ባልተናነሰ ያውቁታል። ፒጃማቸው ላይ አለ፤ የምሳ ዕቃቸው ላይ አለ፤ የልደት ኬካቸው ላይ ሳይቀር ጥርሱን አግጥጦ ይቆማል። ፊደል ቆጥረው ሳይጨርሱ «ቲ ሬክስ» ይሏችኋል። ዳይኖሰሮቹ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከሰማይ በወደቀ ግዙፍ አለት ሰበብ እንደጠፉም ይነግሯችኋል። የእናንተም ቤት እንዲህ ከሆነ አንድ ጥያቄ በመንገድ ላይ ነውና ተዘጋጁ። እኛ ቤት የደረሰው ትንሿ ልጄ ስምንት ዓመት በሞላት ሰሞን ነው፦ «እማ፣ እኛስ እንጠፋለን?»

ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንደኛው «ኧረ በፍጹም፣ ምን ዓይነት ወሬ ነው!» ብሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው «አዎ፣ በዚህ ዓለም የማያልፍ የለም» ብሎ ልጅን እንቅልፍ መንሳት ነው። አንዱም ደስ አላለኝም። የመጀመሪያው እውነት አይደለም፤ ሁለተኛው እውነት ቢሆንም ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ቆይ አንብቤ እነግርሻለሁ» አልኳትና ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ።

ንባቡ ከዳይኖሰር ይልቅ ከእነርሱ በኋላ መጥተው ወደጠፉት፣ ለእኛ ወደሚቀርቡት እንስሳት ወሰደኝ። የበለጠ የገረመኝ ግን ሩቅ አገር የጀመረው ታሪክ ዞሮ ዞሮ ጎንደር አካባቢ መድረሱ ነው። ለልጆቼ በየማታው የነገርኳቸውን ነው እንግዲህ ለእናንተ የማካፍላችሁ።

የግድግዳው ካላንደር

የመጀመሪያው ችግር ቁጥሩ ነው። ለልጅ «66 ሚሊዮን ዓመት» ማለት «በጣም ድሮ» ከማለት አይለይም፤ እውነቱን ለመናገር ለትልቅ ሰውም ያው ነው። እኔ የተጠቀምኩት ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ነው። ዳይኖሰሮቹ ከጠፉበት ቀን እስከ ዛሬ ያለውን ዘመን በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ጨምቁት፤ መስከረም 1 ጀምሮ ጳጉሜን 5 ማታ ያልቃል። እንዲህ ሲሆን አንዷ ቀን 180,000 ዓመት ገደማ ትይዛለች።

መስከረም 1 ዳይኖሰሮቹ የሉም። (ሁሉም ግን አልጠፉም። ወፎች የእነርሱ ዘር ናቸው። ይህን የሰማው የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጄ ለበዓል የቀረበውን ዶሮ ወጥ እያየ «ስለዚህ ዛሬ የምንበላው ዳይኖሰር ነው» ብሎ ገበታውን አስቆታል።) በዚያው በመስከረም መጀመሪያ ቀናት፣ ዛሬ አሜሪካ ሞንታና በሚባለው ግዛት፣ አይጥ የምታህል አንዲት እንስሳ ዛፍ ላይ ትሮጥ ነበር። ሳይንቲስቶች ፐርጋቶሪየስ ይሏታል። ስሟን ያገኘችው ጥርሷ ከተገኘበት ኮረብታ ነው። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የጦጣ፣ የዝንጀሮና የሰው ወገን ከሚገኝበት ትልቅ ቤተሰብ፣ ማለትም ከፕራይሜቶች፣ ጋር የምትዛመድ ከሁሉ ቀዳሚዋ እንስሳ አድርገው ያይዋታል።

ስለ እርሷ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከጥርስ ነው። እንዲያውም ስለ ጥንት አጥቢ እንስሳት የምናውቀው እኩሌታው ታሪክ የጥርስ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱም የጥርስ ልባስ በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው፤ አጥንት ሲበሰብስና ሲፈጭ ጥርስ ይቀራል። ቅርጹም ባለቤቱ ምን ይበላ እንደነበር ይናገራል፤ ነፍሳት የሚበላ ሹል፣ ፍራፍሬ የሚበላ ድቡልቡል፣ ሣር የሚግጥ ረጅምና ሸንተረራም ጥርስ አለው። እኔ ልጅ ሳለሁ የወለቀ ጥርሳችንን ጣሪያ ላይ እንወረውር ነበር። ልጄ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ የራሷን ለመወርወር ፈቃደኛ አልሆነችም። «ለሳይንቲስቶች» ብላ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ካላንደሩን እንግለጥ። ኅዳር 1 አካባቢ፣ ማለትም ከ55 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ዛሬ ቻይና በሆነው ምድር አርኪሴበስ የተባለ ፕራይሜት ይኖር ነበር። ሙሉ አጽሙ ሊባል የሚችል ቅሪተ አካል ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ክብደቱ ከ20 እስከ 30 ግራም ይገመታል። አንድ እንቁላል በመዳፋችሁ ያዙና የዚያን ግማሽ ያህል አስቡ፤ ትልቅ ዓይንና ረጅም ጅራት ጨምሩበት። ዓለም ያኔ ሞቃትና ደን የበዛባት ስለነበረች ለእንዲህ ዓይነት ትንንሽ የዛፍ ላይ ፍጥረታት የተመቸች ነበረች።

የካቲት መጨረሻ ላይ የመጣው ብርድ

ምቾቱ እስከ የካቲት መገባደጃ ዘለቀ። ከ34 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ግን ምድር በረደች። አንታርክቲካ በረዶ ለበሰች፤ ደኖች ሸሹ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብዛት ይኖሩ የነበሩ የጥንት ፕራይሜቶች ከአብዛኛው ቦታ ጠፉ።

አፍሪካ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ከዚህ ያመለጠች ትመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ተመራማሪዎቹ ከግብፅ ፋዩምና ከሌሎች የአፍሪካና የዓረብ ምድር ቦታዎች የተሰበሰቡ የአይጥ ወገኖችን፣ የፕራይሜቶችንና የሥጋ በሎችን ቅሪቶች ይዘው የዘር ሐረጋቸውን ተከተሉ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሲደርሱ ከወገኖቹ 63 በመቶ ያህሉ ጠፍተው አገኟቸው። ከፕራይሜቶች መካከል የእኛን መስመር የያዙት የጦጣ ወገኖች በጣም ጠባብ በር ነው ያለፉት። ጥርሳቸው ቀድሞ ብዙ ዓይነት ነበር፤ ከዚያ ክፉ ዘመን የተረፈው ግን አንድ ዓይነት ጥርስ ብቻ ነበር። ዛሬ ያሉት ጦጣ፣ ጉሬዛ፣ ዝንጀሮ፣ ጎሪላ፣ እኔም እናንተም የመጣነው ያቺን በር አልፈው ከወጡት ጥቂቶች ነው።

ያንን ዘመን በአካል ማየት የፈለገ ከካይሮ ደቡብ ምዕራብ ወዳለው የፋዩም በረሃ ይሄዳል። ዛሬ አሸዋ ብቻ ነው፤ ያኔ ግን ወንዝና ረግረግ ያለበት ጥቅጥቅ ደን ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤልዊን ሳይመንስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚያ ያገኘው ኤጂፕቶፒቴከስ የተባለ ዝንጀሮ መሰል እንስሳ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ከቤት ድመት ትንሽ ከበድ የሚል፣ በአራት እግሩ በቅርንጫፍ ላይ የሚሄድ ፍጥረት ነው። የጦጣዎችም የሰው መሰሎቹም ዝንጀሮዎች መስመር ሳይለያይ በፊት የነበረው ቅድመ አያት ምን ይመስል እንደነበር ከሚያሳዩን ምርጥ ቅሪቶች አንዱ እርሱ ነው። በካላንደራችን ከመጋቢት አጋማሽ ትንሽ አለፍ ይላል።

አሁን ወደ አገራችን የሚያመጣን ነገር ላይ ደርሰናል። የ2021ዱ ጥናት ከብርዱ ቀጥሎ በሁለተኛ ተጠርጣሪነት ያነሳው እሳተ ገሞራን ነው፤ እሳተ ገሞራውም የኢትዮጵያ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ መሬት ተሰንጥቃ፣ ቅልጥ አለት እየደጋገመ ፈስሶ አገሩን ሸፈነው። አንዱ ንብርብር በአንዱ ላይ እየተደረበ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ እስከ 2,000 ሜትር ደረሰ። ዛሬ ደጋ የምንለው አገር፣ የሰሜን ተራሮች፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው የራስ ደጀን ጥቁር አለት፣ የተሠራው በዚያ እሳት ነው። በፎቶ የምናደንቀው ገደል ማለት ያ ክፉ ዘመን ቆሞ ነው።

ጭልጋ፦ ቀንዳሙ እንስሳና የሽኮኮ ዘመዶች

የባለቤቴ እናት የደባርቅ ሰው ናቸው፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አዲስ አበባ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የማታ ንባባችን ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ እንጂ ብዙ አይናገሩም። «ጭልጋ» የሚለውን ስም ሲሰሙ ግን ቀና አሉ። «የትኛው ጭልጋ? የኛው?»

የእርሳቸው ጭልጋ ነው፤ ከጎንደር በስተምዕራብ ያለው። እዚያ አሜሪካዊው ጆን ካፕልማንና የሥራ ባልደረቦቹ ያገኟቸው የእንስሳት ቅሪቶች እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም ሲገለጹ ትልቅ ዜና ነበሩ። ዕድሜያቸው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ማለትም ያ ሁሉ እሳት ከፈሰሰ በኋላ የኖሩ ናቸው። በአፍሪካ ከዚያ ዘመን የተገኘ ነገር በጣም ጥቂት ስለሆነ ጭልጋ ከመጽሐፍ ላይ እንደተቀደደ ገጽ ትቆጠራለች።

ከተገኙት መካከል የዝሆን ወገኖች አሉ፤ ከአንድ በላይ ዓይነት። አንደኛው ለቦታው ክብር ቺልጋቴሪየም ተብሏል። አርሲኖይቴሪየም የሚባለውም አለ። ይህኛው አውራሪስ የሚያስታውስ ግዙፍ እንስሳ ነው፤ አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ትልልቅ የአጥንት ቀንዶች አሉት። ከአውራሪስ ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ የሚቀርበው ለዝሆን ነው። ሳይንቲስቶች ከጭልጋ በፊት ይህ እንስሳ ቀደም ብሎ የጠፋ ይመስላቸው ነበር። ዛሬ ከእርሱ ወገን በምድር ላይ አንድም አልቀረም።

ሽኮኮስ? በየገደሉ ፀሐይ የሚሞቀው፣ ጥንቸል የሚያክለው የእኛው ሽኮኮ በሥጋ ዝምድና ለአይጥ ሳይሆን ለዝሆን የቀረበ ነው። በፋዩምና በጭልጋ ዘመን ሽኮኮዎች የአፍሪካ ዋና ሣርና ቅጠል በሎች ነበሩ፤ ዓይነታቸው ብዙ፣ አንዳንዶቹም የበሬ ያህል ግዝፈት የነበራቸው። ከዚያ አፍሪካ በዓረብ ምድር በኩል ከእስያ ጋር ተገናኘች። የአውራሪስ፣ የቀጭኔ፣ የድመትና የአንበሳ ቅድመ አያቶች በዚያ ድልድይ ገቡ። ዝሆኖች በተቃራኒው ወጥተው ዓለምን አዳረሱ። አርሲኖይቴሪየም ሄደ፤ ታላላቆቹ ሽኮኮዎች ሄዱ፤ የቀረው የገደሉ ትንሽ ሽኮኮና ጥቂት ዘመዶቹ ናቸው።

አማቴ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን ማን ቆጠረው፣ ልጄ?»

ጥያቄው የእናንተም ሊሆን ይችላልና መልሱን በአጭሩ ልንገራችሁ። የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከእርሱ ውስጥ ጥቂቱ በጣም በዝግታ፣ ነገር ግን በማይዛነፍ ፍጥነት፣ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። አለቱ ሲቀልጥ የነበረው ጋዝ ስለሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በአመዱ ውስጥ የተጠራቀመውን አርጎን የለካ አመዱ መቼ እንደወደቀ ያውቃል፤ ከአመዱ በላይና በታች የተቀበረውም አጥንት ዕድሜው በዚያ ይታወቃል። የሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመትም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። እኛ አገር እሳተ ገሞራ ብዙ መሆኑ ለቅሪተ አካል ጥናት ያደረገው ውለታ ይህ ነው፤ ሰዓቱን አብሮ ቀብሮልናል።

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ እኔ የማውቀው የፈጠራቸው እርሱ መሆኑን ነው። መቼ እንደሆነ የተማረ ይቁጠረው።» በዚህ ተስማምተን ቀጠልን። ቤታችሁ ውስጥ አያትና የሳይንስ መጽሐፍ አብረው የሚኖሩ ከሆነ ጠብ የግድ እንዳልሆነ እነግራችኋለሁ። አያት ማንን እንደሚያመሰግኑ ያውቃሉ፤ ልጅ ደግሞ እንዴት እንደሚቆጠር ይማራል።

ከመድኃኒት ቤት የተገኘው ጥርስ

ልጆቼ እስከዚህ ድረስ «የጠፉት ደካሞቹና ትንንሾቹ ናቸው» የሚል ነገር በልባቸው ይዘው ነበር። ይህን የሚያፈርስ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ፎን ኬኒግስዋልድ የተባለ ተመራማሪ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የባህል መድኃኒት ቤት ገባ። በዚያ አገር የጥንት አጥንትና ጥርስ «የዘንዶ አጥንት» እየተባለ ለመድኃኒት ይሸጥ ነበር። ከተደረደሩት መካከል ሰው መሰል ቅርጽ ያለው፣ መጠኑ ግን ከልክ ያለፈ መንጋጋ ጥርስ አገኘ። የጂጋንቶፒቴከስ ጥርስ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከታወቁት ፕራይሜቶች ሁሉ ግዙፉ። ቁመቱ እስከ 3 ሜትር፣ ክብደቱም ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይገመታል።

ይህ ግዙፍ ፍጥረት ለምን ጠፋ? እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት በደቡብ ቻይና ያሉ ዋሻዎችን አመርምሮ የጠፋበትን ጊዜ ከ295,000 እስከ 215,000 ዓመት በፊት ባለው ውስጥ አስቀመጠው። ደኑ ተለወጠ፤ ዓመቱን ሙሉ ፍሬ የሚሰጡ ዛፎች አነሱ። በዚያው ደን የሚኖረው ኦራንጉታን አመጋገቡንና ውሎውን ለወጠ። ጂጋንቶፒቴከስ ግን የለመደው ምግብ ሲያልቅ ወደማይጠቅመው ቅርፊትና ቅጠል ዞረ፤ በዚያ ግዝፈቱም ራቅ ብሎ መሄድ አልቻለም። ጥርሱ ላይ የረሃብና የጭንቀት ምልክት ተጽፎ ቀርቷል።

ወንዱ ልጄ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ስለዚህ ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም» አለ በመጨረሻ። ልክ ነው። በዚያ ሁሉ ካላንደር ውስጥ ስንሄድ ጥፋተኛ እንስሳ አላገኘንም፤ ያገኘነው ቤታቸው ከእግራቸው ሥር የተለወጠባቸውን ነው።

ሣር የሚግጠው ዘመዳችን

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ብትነዱ ደብረ ሊባኖስ ትደርሳላችሁ። የፖርቹጋል ድልድይ ከሚባለው ቦታ ላይ ሆናችሁ ገደሉን ስታዩ፣ ዕድል ከቀናችሁ ጭላዳዎች ሲግጡ ታያላችሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ ቅዳሜ ልጆቹንና አማቴን ይዘን ሄደን ነበር።

ጭላዳን ብዙዎቻችን «ያው ዝንጀሮ» ብለን እናልፈዋለን። ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክትና የወንዱን ጎፈር ፎቶ አንስተን እንመለሳለን። ያላወቅነው በዓለም ላይ ካሉት ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች መካከል ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ ከእርሱ በቀር እንደሌለ ነው። ቁጭ ብሎ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን እየለቀመ ይግጣል። ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ጠርዝ ላይ ያድራል። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በተፈጥሮ የሚኖርበት አገር የለም።

ቀድሞ ግን ብቻውን አልነበረም። ጭላዳ ያለበት ወገን በሳይንስ ስሙ ቴሮፒቴከስ ይባላል። በዚህ ወገን ውስጥ የነበረው ታላቅ ዘመዱ፣ ቴሮፒቴከስ ኦስዋልዲ፣ ቅሪቱ ከደቡብ አፍሪካ እስከ አልጄሪያ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ስፔንና ህንድ ተገኝቷል። በእኛም አገር በአዋሽና በኦሞ ሸለቆዎች የዚህ ወገን ቅሪት በብዛት ይወጣል፤ የሉሲ ዘመዶች ሜዳውን ከእነርሱ ጋር ተካፍለው ኖረዋል። በመጨረሻው ዘመን የነበሩት ወንዶች ክብደታቸው ከ60 ኪሎ በላይ እንደነበር ይገመታል፤ የዛሬው ወንድ ጭላዳ 20 ኪሎ ቢሆን ነው። ያ አፍሪካን ያዳረሰው ግዙፍ ጠፋ። ኬንያ ውስጥ ኦሎርጌሳይሊ በተባለ ቦታ አጥንቶቹ ከጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ጋር ተቀላቅለው ተገኝተዋል። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ከአየር ንብረቱ መለዋወጥ ሌላ የቅድመ አያቶቻችን እጅ እንዳለበት ይጠረጥራሉ። ከመላው ወገን በሕይወት የቀረው በእኛ ተራራ ላይ ያለው ጭላዳ ብቻ ነው።

ይህን ለልጆቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ስነግራቸው አማቴ ሳቁ። «እናንተ ቆንጆ ነው ትላላችሁ። እኔ በእርሱ ምክንያት ልጅነቴን ሙሉ ማሳ ላይ ነው የቆምኩት።» ገብስ ሲያሸት የጭላዳ መንጋ ከገደል ይወጣል። እርሳቸው የትንሿን ልጄን ያህል ሳሉ ከጠዋት እስከ ማታ ወንጭፍ ይዘው ይጠብቁ ነበር። አንድ ዓመት ጉም ወርዶ ሳያዩ፣ መንጋው ገብቶ የማሳውን ግማሽ በላው፤ በዚያ ክረምት ቤታቸው በቀን አንድ ጊዜ ነበር የሚበላው። ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው ሰሟቸው። ለእነርሱ ጭላዳ ማለት ፎቶ ነበር፤ ለአያታቸው ግን ራት ነበር።

የዚህ ነገር ክብደት የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ከተማ ሆነን «እንስሳቱ ይጠበቁ» ማለት ምንም አያስወጣንም። ዋጋውን የሚከፍለው ማሳው ከገደሉ አፍ ላይ ያለው ገበሬ ነው። ገበሬውም ሕዝቡ ሲበዛ ማሳውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ከብቱን ጭላዳ የሚግጠው ሣር ላይ ያሰማራል። አየሩ ሲሞቅ ደግሞ ደጋው ራሱ ወደ ላይ ይሸሻል። ጭላዳም አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግን ከተራራው ጫፍ በላይ ሌላ ተራራ የለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። መውጣቱ ሰው ከሠራ ማዳን እንደሚቻል ያሳያል፤ የፈጀው ጊዜ ደግሞ ሥራው ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል።

«አሁን ብታገኚው በወንጭፍ ትመቺዋለሽ፣ እማማ?» አለቻቸው ትንሿ።

«ማሳ ካለኝ አባርረዋለሁ» አሉ አማቴ። «መግደል ግን አልገደልንም። ማባረር ሌላ፣ ማጥፋት ሌላ ነው።»

ለልጄ የሰጠኋት መልስ

ካላንደሩ ሊያልቅ ነው። ሉሲ የምትመጣው ነሐሴ 18 ገደማ ነው። የእኛ ዓይነቱ ሰው ብቅ የሚለው ጳጉሜን 4 ቀን ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት ካለፈ በኋላ። ከዚያ ጳጉሜን 5 ማታ፣ ዓመቱ ሊያልቅ የሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ ማዳጋስካር ላይ ሌላ ነገር ሆነ። በዚያች ደሴት ሌሙር የሚባሉ ፕራይሜቶች ብቻቸውን ተዘርተው ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም ጎሪላ የሚያህል አርኪዮኢንድሪስ የተባለ ነበር። ባለፉት 2,000 ዓመታት ገደማ፣ የሰው ቁጥርና እርሻ በደሴቲቱ ሲስፋፋ፣ 17 ያህል ትልልቅ የሌሙር ዓይነቶች ጠፉ። ይህን ጊዜ ከሰማይ የወደቀ አለት የለም፤ የፈሰሰ እሳትም የለም። አደንና የደን ምንጣሮ ነበር።

ስለዚህ ለልጄ እንዲህ አልኳት። «ብዙዎች ጠፍተዋል፤ እኛ ደግሞ የመጣነው ጠባቧን በር ካለፉት ጥቂቶች ነው። አንድ ቀን እኛም ልንለወጥ ወይም ልንጠፋ እንችል ይሆናል፤ ያ ግን አንቺም እኔም የምናየው ነገር አይደለም፣ ተኚ። ከጠፉት ከአርሲኖይቴሪየምና ከጂጋንቶፒቴከስ የምንለየው በአንድ ነገር ነው። እነርሱ ቤታቸው ሲለወጥ አያውቁም ነበር፤ እኛ እናውቃለን። የሌላውንም ቤት የምንለውጠው እኛ ነን፤ ስለዚህ ጭላዳ ይቆይ አይቆይ የሚለው በከፊል የእኛ ሥራ ነው።» ጥቂት አሰበችና «የአያቴም ማሳ?» አለች። «የአያትሽም ማሳ» አልኳት። ከዚያ ተኛች።

እናንተም መጀመር ብትፈልጉ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት ሉሲ ጋ ስትደርሱ ፎቶ አንስታችሁ አትውጡ፤ አካባቢዋ ያሉትን የእንስሳት ቅሪቶች ልጆቹ ጥርሳቸውን እያዩ «ይሄ ምን ይበላ ነበር?» የሚለውን ይገምቱ። የቤታችሁን ካላንደር አውርዱና ከላይ ያሉትን ቀኖች በእስክሪብቶ አክብቡባቸው። አያት ካሉ ስለ ሽኮኮ፣ ስለ ጉሬዛና ስለ ጭላዳ ጠይቋቸው፤ መጽሐፍ ላይ የሌለ ታውቃላችሁ።

ደብረ ሊባኖስ ከሄዳችሁ ደግሞ ጠዋት ድረሱ። ሙዙንና ብስኩቱን መኪና ውስጥ ተዉት፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬውን ማሳ አይፈራም። ከመንጋው ትንሽ ራቅ ብላችሁ ሣሩ ላይ ቁጭ በሉ። ልጆቹን ለአምስት ደቂቃ ዝም አሰኟቸውና የሚለቀመውን ሣር ድምፅ ስሙ። በመልስ ጉዞ ላይ ከሚሸጠው የገብስ ቆሎ ግዙ፤ ገንዘቡ ማሳቸው ገደል አፍ ላይ ካለው ሰዎች እጅ ይግባ።